ጆን ፒተር አልትጌልድ፦ ሀብቱንም ሥልጣኑንም በአንድ ፊርማ ያስያዘ ስደተኛ

ሐይቅ ዳር (ቺካጎ)

ቺካጎ ውስጥ ሊንከን ፓርክ በሚባለው ሰፊ መናፈሻ አንድ የነሐስ ሐውልት አለ። ኮት የለበሰ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ከጎኑ ዝቅ ብለው በተጠጉት አንድ ሠራተኛ፣ አንዲት ሴትና አንድ ሕፃን ላይ እጁን ዘርግቷል። በዚህች ከተማ 19 ዓመት ስኖር በአጠገቡ ስንት ጊዜ እንዳለፍሁ አልቈጠርሁም፤ የማን እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ባለፈው ሚያዝያ 23 ልጄ በአገር ቤት የሚከበረው የሠራተኞች ቀን ከየት እንደመጣ ስትጠይቀኝ፣ ለመልሱ ያህል ማንበብ ጀመርሁና የሐውልቱን ባለቤት እዚያው ታሪክ ውስጥ አገኘሁት። ጆን ፒተር አልትጌልድ ይባላል። ከዚያ ወዲህ ስለ እርሱ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምሁ፤ ብቻዬን ልይዘው ስላልቻልሁም ለእናንተ አመጣሁት። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

አልትጌልድ የተወለደው ዲሴምበር 30 ቀን 1847 በጀርመን አገር በናሳው ነው። ገና የወራት ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ይዘውት ወደ አሜሪካ ተሰደዱና በኦሃዮ ግዛት ማንስፊልድ አጠገብ ሰፈሩ። አባቱ ጋሪ ሠሪና ገበሬ ነበር፤ ለልጁ ትምህርት ብዙም ግድ አልነበረውም። ልጁ በ16 ዓመቱ በእርስ በርሱ ጦርነት ለሰሜኑ ጦር ዘመተ፤ ከቨርጂኒያ ይዞት የተመለሰው ትኩሳትም ዕድሜውን ሙሉ እየተመላለሰ ይጥለው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ጥቂት ጊዜ አስተምሮ፣ በ1869 አብዛኛውን መንገድ በእግሩ እየተጓዘ ወደ ምዕራብ ሄደ። አርካንሳስ ውስጥ በባቡር ሐዲድ ሥራ ላይ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ሳለ ታመመ፤ በመጨረሻ ሚዙሪ ውስጥ ሳቫና በምትባል ትንሽ ከተማ አረፈ፤ እዚያም ሕግ አጥንቶ ጠበቃ፣ በ1874 ደግሞ የአውራጃው ዐቃቤ ሕግ ሆነ። በዓመቱ ሹመቱን ትቶ ቺካጎ ሲገባ በኪሱ የነበረው 100 ዶላር ያህል ነው።

ቺካጎ ያን ጊዜ ከ1871ዱ ታላቅ ቃጠሎ በኋላ እንደ አዲስ የምትገነባ ከተማ ነበረች። አልትጌልድ ከጥብቅናው ያጠራቀማትን ጥሪት ይዞ ወደ ቦታና ሕንፃ ንግድ ገባ። ቦታ ይገዛል፣ በብድር ይገነባል፣ ይሸጣል ወይም ያከራያል፣ በትርፉም ሌላ ይገዛል። በ10 ዓመት ውስጥ ሀብቱ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ያህል ደረሰ። ከሥራዎቹ ሁሉ የሚወድደው በዲርቦርን ጎዳና ያስገነባው ባለ 16 ፎቅ ሕንፃ ነበር፤ ስሙንም «ዩኒቲ» አለው፤ አንድነት ማለት ነው። በ1886 የኩክ አውራጃ የበላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኖ ተመረጠ፤ በ1892 ደግሞ የኢሊኖይ ግዛት አገረ ገዥ ሆነ። በግዛቲቱ ታሪክ ውጭ አገር ተወልዶ ለዚህ ሥልጣን የበቃ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው።

እዚህ ድረስ የሰማችሁት ብዙ ስደተኛ የሚመኘው ሕይወት ነው። ሥልጣን በያዘ በስድስተኛው ወር ግን፣ ጁን 26 ቀን 1893፣ በሃይማርኬቱ የቦምብ ጉዳይ ተፈርዶባቸው የታሰሩትን ሦስት ሰዎች ፈታ። መፍታቱ ብቻ አይደለም፤ የተፈረደባቸው ያለ አግባብ መሆኑን ወደ 18,000 ቃላት በሚጠጋ ጽሑፍ አስረዳ። ከዚያ ቀን በኋላ በምርጫ አሸንፎ አያውቅም፤ ሀብቱም ከእጁ ወጣ።

ስለዚህ ሰው አንድ ነገር ይመላለስብኛል። ያን ፊርማ ለመፈረም ያበቃው ሀብቱ የሰጠው ነፃነት ነው ወይስ ሀብቱ ሊያጣ የሚችለውን አብዝቶ ፈተናውን አከበደበት? ያነበባችሁም ያላነበባችሁም አሳባችሁን አካፍሉኝ።

የታሪክ መምህር (ባሕር ዳር)

ወንድሜ ሐይቅ ዳር፣ ርእሱን ስላነሣህ አመሰግናለሁ። እኔ ለተማሪዎቼ የሠራተኞችን ቀን ሳስተምር አብዛኛውን ጊዜ የምደርሰው እስከ ስቅላቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ባለመናገሬ አሁን ቅር ይለኛል። ጉዳዩን ለማያውቁ አንባብያን ስል የነገሩን ሥር ላስቀምጥ።

ሜይ 1 ቀን 1886 በአሜሪካ ከተሞች በመቶ ሺህዎች የሚቈጠሩ ሠራተኞች የሥራ ቀን በስምንት ሰዓት እንዲወሰን ሥራ አቆሙ። ቺካጎ የእንቅስቃሴው ልብ ነበረች። ሜይ 3 ቀን በማኮርሚክ የእርሻ መሣሪያ ፋብሪካ ደጅ ፖሊስ በአድመኞች ላይ ተኵሶ ሰው ገደለ። በማግሥቱ ማታ ይህን ለመቃወም ሃይማርኬት በሚባለው አደባባይ ስብሰባ ተጠራ። የከተማዋ ከንቲባ ካርተር ሃሪሰን ራሱ ተገኝቶ አዳመጠ፤ ሰላማዊ መሆኑን አይቶም ለፖሊሶቹ ነግሮ ወደ ቤቱ ሄደ። ከንቲባው ከሄደ በኋላ፣ ሕዝቡ ዝናብ ፈርቶ መበተን በጀመረበት ሰዓት፣ ጆን ቦንፊልድ የተባለ የፖሊስ አዛዥ ወደ 180 የሚጠጉ ፖሊሶች አሰልፎ መጣና ተበተኑ አለ። ያን ጊዜ አንድ ሰው ቦምብ ወረወረ። በቦምቡና በተከተለው ተኵስ ሰባት ፖሊሶች ሞቱ፤ ከሕዝቡም ቢያንስ አራት ሰዎች ሞቱ። ቦምቡን የወረወረው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ወርዋሪው ሳይታወቅ ስምንት ሰዎች ተከሰሱ። አምስቱ ጀርመን አገር የተወለዱ ናቸው፤ አንዱ እንግሊዛዊ፤ አንዱ ኒው ዮርክ ይወለድ እንጂ የጀርመን ስደተኞች ልጅ፤ ከስምንቱ የአገሬው ዘር የሚባለው አልበርት ፓርሰንስ ብቻ ነበር። ሰባቱ ሞት ተፈረደባቸው፤ ኦስካር ኒቢ የተባለው 15 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ስፓይስ፣ ፓርሰንስ፣ ፊሸርና ኤንግል ኖቬምበር 11 ቀን 1887 ተሰቀሉ። ሊንግ በዋዜማው በእስር ክፍሉ ውስጥ ራሱን ገደለ። የፊልደንና የሽዋብ ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠላቸው። እንግዲህ አልትጌልድ ሥልጣን ሲይዝ በሕይወት የቀሩት ፊልደን፣ ሽዋብና ኒቢ ናቸው።

በ1889 ፓሪስ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የሶሻሊስቶች ጉባኤ ሜይ 1 የሠራተኞች ቀን እንዲሆን ወሰነ። እኛም ሚያዝያ 23 የምንለው ቀን በዚህ መንገድ ደረሰን። በቀኑ ሟቾቹ ይታወሳሉ፤ ፍርዱ ስሕተት እንደነበረ በመንግሥት ማኅተም ያጸናው ስደተኛ ግን በአገራችን ስሙ አይነሣም።

ነገረ ፈጅ (አዲስ አበባ)

የተከበርህ መምህር ያስቀመጠው የነገሩ አመጣጥ በጣም የሚረዳ ነው። እኔ በሕግ ሙያ የምኖር እንደመሆኔ በሁለት ነጥብ ላይ አሳቤን ልስጥ፤ ሁለተኛው ምናልባት ብዙዎቻችሁን አያስደስትም።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ። በእኛ የወንጀል ሕግ (የ1996 ዓ.ም. ሕግ ቍጥር 229 እና 230) ይቅርታና ምሕረት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይቅርታ ቅጣቱን ያስቀራል ወይም ያቀላል እንጂ ጥፋተኛነቱን አይፍቅም፤ ምሕረት ግን ፍርዱን ራሱን እንዳልነበረ ያደርገዋል። በይቅርታ ዘንድ የተለመደው አካሄድ ታራሚው መጸጸቱን ገልጦ መለመኑ ነው። አልትጌልድ በእጁ የነበረው ሥልጣን እኛ ይቅርታ የምንለው ነው፤ የጻፈው ምክንያት ግን ከይቅርታ ወሰን ያለፈ ነው። የቺካጎ ታላላቅ ሰዎች ያቀረቡለት ልመና በአብዛኛው «ብዙ ዓመት ታስረዋል፣ ይበቃቸዋል» የሚል ነበር። እርሱ ግን ሰዎቹ ጥፋተኞች ከሆኑ የደረሰባቸው ቅጣት አይበዛባቸውም፣ ጥፋተኞች ካልሆኑ ደግሞ የራኅራኄ ጉዳይ አይደለም በሚል መንፈስ መዝገቡን ከመጀመሪያው ገልጦ መረመረ።

የመረመረበት መንገድ ዛሬም ለሕግ ተማሪ ትምህርት ይሆናል። የጁሪ (ተከሳሹ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን የሚወስኑ ተራ ዜጎች ጉባኤ) አባላቱ በዕጣ ሳይሆን ለዚሁ በተሾመ የፍርድ ቤት ሹም ምርጫ እንደመጡ አሳየ፤ ሹሙም ሰዎቹ መሰቀላቸው እንደማይቀርና እርሱም ይህን አስቦ እንደሚመርጥ ተናግሮ እንደነበር የሚያስረዳ ቃለ መሐላ ጠቀሰ። ቀጥሎም ከተመረጡት ብዙዎቹ አስቀድመን በተከሳሾቹ ላይ አቋም ይዘናል ብለው እየተናገሩ እንዲቀመጡ መፈቀዱን ከራሳቸው ቃል አወጣ። ከሁሉም የሚከብደው ሦስተኛው ነው፤ ወርዋሪው ካልታወቀ፣ ያ ያልታወቀ ሰው የእነዚህን ሰዎች ንግግር ሰምቶ ወይም ጽሑፋቸውን አንብቦ እንደተነሣሣ እንዴት ይረጋገጣል? ምክንያትና ውጤት ሳይገናኙ ሰው ተሰቅሏል ማለት ነው። በኒቢ ላይ ደግሞ ጭራሽ ማስረጃ አልነበረም፤ በአደባባዩም አልተገኘም።

ሁለተኛው ነጥቤ ይህ ነው። አልትጌልድ በዚህ ቢያቆም ኖሮ ጽሑፉ እንከን አይወጣለትም ነበር እላለሁ። ነገር ግን በመጨረሻው ክፍል የፈረደውን ዳኛ ጆሴፍ ጌሪን በስም አንሥቶ በአድልዎና በጭካኔ ወቀሰው። ራሱ ዳኛ የነበረ ሰው የዳኝነትን ክብር እንዲህ መንካት አልነበረበትም የሚል ወቀሳ በዘመኑ ተነሥቷል፤ ወዳጆቹ እንኳ ያን ክፍል ቢተወው ይመርጡ ነበር። እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ። ፍርዱን መንቀፍ ሌላ ነው፣ ዳኛውን መንቀፍ ሌላ ነው። ሦስቱን ለማስፈታት የዳኛው ስም አያስፈልግም ነበር።

ሚዛን

ነገረ ፈጅ ባነሡት ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሰውየውን ከሰማይ የወረደ እንዳናደርገው እሰጋለሁ። አልትጌልድ ብልኅ ፖለቲከኛ ነበር። በ1889 ኢሊኖይ ውስጥ ኤድዋርድስ የሚባል የትምህርት ሕግ ወጥቶ፣ በግል ትምህርት ቤቶች ጭምር ዋና ዋና ትምህርቶች በእንግሊዝኛ እንዲሰጡ አስገደደ። በየቤተ ክርስቲያናቸው በጀርመንኛ ያስተምሩ የነበሩት የሉተራንና የካቶሊክ ስደተኞች ተቈጡ። አልትጌልድ ያን ቍጣ በሚገባ ተጠቅሞበታል፤ ለምርጫውም ከራሱ ኪስ ብዙ አውጥቷል። ስለዚህ የስደተኞችን ድምፅ ይዞ የወጣ ሰው ለስደተኛ እስረኞች ማዘኑ ፖለቲካም አለበት ብንል ይበዛበታል?

ሐይቅ ዳር (ቺካጎ)

ወንድሜ ሚዛን፣ ስለ ትምህርት ሕጉ ያልኸው እውነት ነው፤ ሰውየው ምርጫ ማሸነፍን የሚያውቅና የሚወድ እንደነበርም አልክድም። ነገር ግን የፖለቲካ ስሌት ቢሆን ኖሮ ስሌቱ የሚሄደው በሌላ በኩል ነበር። ክላረንስ ዳሮው በኋላ የታወቀ ጠበቃ የሆነው የቅርብ ወዳጁ ነው፤ ገና ወጣት ሳለ አልትጌልድ በ1884 ስለ ወንጀለኞች አያያዝ ያሳተመውን ትንሽ መጽሐፍ አንብቦ ወደ ቺካጎ የመጣ ነው። ይህ ሰው እስረኞቹን ለምን አትፈታቸውም ብሎ ሲወተውተው፣ አልትጌልድ ከፈታኋቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ በፖለቲካ የሞትሁ ሰው እሆናለሁ የሚል ትርጉም ያለው መልስ እንደሰጠው ዳሮው ጽፏል። ዋጋውን አስቀድሞ ያውቀው ነበር ማለት ነው። ሦስቱን በራኅራኄ ስም በጸጥታ ፈትቶ የሁሉንም ምስጋና መቀበል እየቻለ፣ እርሱ የመረጠው ከባዱን መንገድ ነው።

የወረቀቱንም ነገር ላንሣ። የይቅርታውን ጽሑፎች ያዘጋጀው ብራንድ ዊትሎክ የተባለ ወጣት የቢሮ ጸሐፊ ነበር፤ በኋላ ራሱ የቶሊዶ ከተማ ከንቲባ ሆኗል። ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ ጆሊየት እስር ቤት በባቡር የወሰደው ደግሞ ድሬየር የሚባል የባንክ ሰው ነው፤ ይህ ሰው ክስ በመሠረተው ጉባኤ ውስጥ የነበረና በኋላ ኅሊናው ዕረፍት ነሥቶት ለእስረኞቹ ሲማልድ የኖረ ነው። አገረ ገዥው ፈርሞ ሲሰጠው ዕንባው ወረደ ይባላል።

የመደብር ባለቤት (ቨርጂኒያ)

ይህን ክር ከትናንት ጀምሮ እየተመላለስሁ ሳነብ ነበር። የሕግና የታሪክ ዕውቀት የለኝም፤ በብድር ሱቅ ከፍታ ሠራተኛ የምታስተዳድር ሴት ግን ነኝና፣ ሐይቅ ዳር መጀመሪያ የጠየቅኸው ጥያቄ ለእኔ የቀረበ ነው።

ሰዎች ነጋዴ ሀብታም ሲሆን ነፃ ይሆናል ብለው ያስባሉ። በብድር የሚሠራ ነጋዴ ግን ሕንፃው በጨመረ ቍጥር የሚፈራቸው ሰዎችም ይጨምራሉ፤ አበዳሪው፣ ተከራዩ፣ ደንበኛው፣ የመድን ድርጅቱ ሁሉ ፊቱን ሊያዞርበት ይችላል። እኔ ራሴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ አንድ የሠፈራችን ጉዳይ በአንድ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ስለተናገርሁ ብቻ፣ ለዓመታት የማውቀው አበዳሪ ብድሬን ለማደስ እንቢ አለኝ። ምክንያቱን በግልጽ አልነገረኝም፤ እኔ ግን ገብቶኛል። ያን ወር ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፍሁ የማውቀው እኔና እግዚአብሔር ነን። የእኔ ሱቅ ነው። የአልትጌልድ ግን ባለ 16 ፎቅ ሕንፃ ነበር፤ እርሱ የፈረመበት ዓመት 1893 ደግሞ አሜሪካ በከባድ የገንዘብ ቀውስ የተመታችበት፣ ባንኮች በየተራ የሚዘጉበት፣ ኪራይ የሚወርድበት ዓመት ነበር። ገንዘብ ያላቸውን ሰዎች ማስቀየም ፈጽሞ በማይገባበት ሰዓት ነው ያስቀየማቸው። ስለዚህ ለጥያቄህ መልሴ ሁለተኛው ነው፤ ሀብቱ ፈተናውን አከበደበት።

ጋዜጦቹ ያሉትን ሳነብ ደግሞ ልቤ በጣም አዘነ። አንድ ትልቅ የቺካጎ ጋዜጣ በሰውየው ሥር አንዲት ጠብታ እውነተኛ የአሜሪካ ደም የለም፣ እንደ አሜሪካዊ አያስብም፣ እንደ አሜሪካዊም አይሰማውም ብሎ ጻፈ። ልብ በሉ፤ ሰውየው የወራት ሕፃን ሆኖ የገባ፣ በ16 ዓመቱ ለዚያች አገር የዘመተ፣ ትኩሳቷን በደሙ ተሸክሞ የኖረ ነው! ልጆቼን እዚህ አገር ወልጄ ሳሳድግ ይህን ዓረፍተ ነገር ሌላ ሰው ሌላ ቀን ለእነርሱ ሊለው እንደሚችል ዐውቃለሁ።

ጡረተኛው ማኅበርተኛ (አዲስ አበባ)

ልጆቼ፣ ለዕድሜዬ ስል ትንሽ ታገሡኝ። በወጣትነቴ በሠራተኛ ማኅበር ውስጥ አገልግያለሁ፤ ሜይ ዴይ በአብዮት አደባባይ በሰልፍ ሲከበር መፈክር ይዤ አልፌያለሁ። ስለ ቺካጎ ሰማዕታት ሲነገረን ስለ አልትጌልድ ግን የነገረን ሰው አልነበረም። ሀብታም ስለነበረና ሥርዓቱን በአብዮት ሳይሆን በሕግ ለማቃናት ስለሞከረ ለዚያን ጊዜው ትረካ አይመችም ነበር መሰለኝ። ይቅርታው ብቻ እንዳይመስላችሁ እንጂ ለሠራተኛ የሠራው ሌላም አለ።

በ1893 ኢሊኖይ ውስጥ የፋብሪካ ሕግ ወጣ። ከ14 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በፋብሪካ እንዳይሠሩ ከለከለ፤ የሴቶችን የሥራ ቀን በስምንት ሰዓት ወሰነ። አልትጌልድ ለሕጉ አስፈጻሚነት፣ ለዋና የፋብሪካ ተቈጣጣሪነት፣ ፍሎረንስ ኬሊ የምትባል ሴት ሾመ፤ ሴቶች ገና ድምፅ በማይሰጡበት ዘመን ማለት ነው። እርስዋም የልብስ ስፌት ሥራ በየጓዳው በሚሠራባቸው የስደተኞች ሠፈሮች እየገባች ልጆችን ከሥራ ቦታ ታወጣ ነበር። የስምንት ሰዓቱን ድንጋጌ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1895 ሻረው፤ የልጆቹ ክልከላ ግን ቆየ።

ቀጥሎ የፑልማን አድማ አለ። ጆርጅ ፑልማን የመኝታ ባቡር ፉርጎ የሚሠራ ባለጸጋ ነበር፤ ሠራተኞቹም በእርሱ መንደር፣ በእርሱ ቤት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ቀውሱ ሲመጣ ደመወዛቸውን ቀነሰ፤ የቤት ኪራዩን ግን አልቀነሰም። በ1894 ሠራተኞቹ ሥራ አቆሙ፤ በዩጂን ዴብስ የሚመራው የባቡር ሠራተኞች ማኅበርም ደገፋቸውና የአገሪቱ ባቡር ተሰናከለ። ፕሬዚዳንት ክሊቭላንድ አገረ ገዥውን ሳይጠይቅ የፌዴራል ጦር ቺካጎ አስገባ። አልትጌልድ የግዛቱን ጦር በተጠየቀበት ቦታ ሁሉ ይልክ ነበር፤ ሥርዓት አልበኝነትን የሚደግፍ ሰው አልነበረም። ለክሊቭላንድ ባስተላለፋቸው ረጃጅም ቴሌግራሞች ያለው፣ ግዛቱ ራሱን ማስተዳደር እየቻለ ሳይጠየቁ ጦር ማስገባት ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ነው። እኛ ዛሬ በአገራችን የፌዴራልና የክልል ሥልጣን ወሰን የቱ ነው እያልን የምንከራከረውን ጥያቄ፣ እርሱ ያን ጊዜ የገዛ ፓርቲው መሪ ከሆነ ፕሬዚዳንት ጋር ፊት ለፊት ተከራከረበት። በሁለት ዓመቱ፣ በ1896፣ የዲሞክራቶች ጉባኤ እዚያው ቺካጎ ሲሰበሰብ፣ የጉባኤው ዋና አንቀሳቃሽ አልትጌልድ ነበር፤ ፓርቲውም የራሱን ፕሬዚዳንት ሥራ በመርሐ ግብሩ ነቀፈ። ውጭ አገር የተወለደ ባይሆን ኖሮ ለፕሬዚዳንትነት ራሱ ይታጭ ነበር የሚሉ አሉ፤ ሕገ መንግሥቱ ግን አይፈቅድለትም።

ሚዛን

ጋሼ፣ ስለ ፋብሪካ ሕጉ አላውቅም ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወይዘሮ የመደብር ባለቤትም ስለ ብድሩ የተናገሩት አሳቤን እንዳላላው አልደብቅም። አንድ ጥያቄ ግን ቀርቶኛል። ነጋዴ ሆኖ ሥልጣን የያዘ ሰው ሲባል መጀመሪያ የምንጠረጥረው ሥልጣኑን ለንግዱ እንዳይጠቀምበት ነው። በዚህ ረገድ እንዴት ነበር?

ሐይቅ ዳር (ቺካጎ)

ለዚህ የሚሆን አንድ ግልጽ ጉዳይ አለ። ቻርልስ ያርክስ የተባለ ባለሀብት የቺካጎን የከተማ ባቡር መሥመሮች ይዞ ነበር፤ በ1895 መብቱን ለረጅም ዘመን የሚያጸኑለትን ሕጎች በግዛቲቱ ምክር ቤት አሳለፈ። የቀረው የአልትጌልድ ፊርማ ብቻ ነበር። ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ጉቦ ቀርቦለት ነበር ይባላል፤ የገንዘቡ ልክ የቱንም ያህል ይሁን፣ ሕጎቹን አልፈርምም ብሎ መለሳቸው። በዚያን ጊዜ ዩኒቲ ሕንፃ በዕዳ ተይዞ እንደነበር አስቡ። ከሁለት ዓመት በፊት በፊርማው ከስሮ፣ አሁን ደግሞ ባለመፈረም ዕዳውን ሊያወራርድበት የሚችለውን ሁሉ ተወ።

በ1896 በጆን ታነር ተሸነፈ። በልማዱ ተሰናባቹ አገረ ገዥ በተኪው በዓለ ሹመት ላይ የስንብት ንግግር ያደርግ ነበር፤ ለእርሱ ያ እንኳ ተነፈገው። በ1899 ለቺካጎ ከንቲባነት በግሉ ተወዳድሮ ሦስተኛ ወጣ። ሕንፃውም ከእጁ ወጣ። በመጨረሻ ያን መጽሐፉን አንብቦ በመጣው ወጣት፣ በዳሮው የጥብቅና ቢሮ ውስጥ ተቀጥሮ መሥራት ጀመረ። ማርች 11 ቀን 1902 ጆሊየት ከተማ፣ በደቡብ አፍሪካ ከእንግሊዝ ጋር ይዋጉ ለነበሩት ቦኤሮች ድጋፍ ሲናገር ወደቀና በማግሥቱ ዐረፈ። ሦስቱን ሰዎች ያስፈታው ከዚችው ከጆሊየት እስር ቤት ነው። ዕድሜው 54 ነበር። አስከሬኑ በቺካጎ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲያርፍ በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ተሰልፎ ተሰናበተው።

የመደብር ባለቤት (ቨርጂኒያ)

ባለቤቱስ? ልጆች ነበሩት?

ሐይቅ ዳር (ቺካጎ)

እኅቴ፣ ልጅ አልነበራቸውም። ሚስቱ ኤማ ፎርድ ከዚያው ከኦሃዮ ሠፈሩ ናት። ገና ድኻ አስተማሪ ሳለ ይወድዳት ነበር፤ አባቷ ስላልፈቀደ ነው ወደ ምዕራብ የሄደው ይባላል። ቺካጎ ከገባ በኋላ በ1877 ተመልሶ አገባት፤ ንብረታቸው ሁሉ ሲሄድም እስከ መጨረሻው አብራው ነበረች።

ነገረ ፈጅ (አዲስ አበባ)

በመጀመሪያው ጽሑፌ ስለ ዳኛው ጌሪ የተናገርሁትን ትናንት ማታ መልሼ አሰብሁት። የዳኛው ስም መነሣት አልነበረበትም የሚለው አቋሜ አሁንም አለ። ነገር ግን አንድ ነገር ዘንግቼ ነበር። ዳኛው ፍርዱን ከሰጠ ከዓመታት በኋላ፣ በአልትጌልድ ዘመነ ሥልጣን፣ ለፍርዱ መከራከሪያ የሚሆን ጽሑፍ በራሱ ስም በመጽሔት አውጥቷል። እንዲህ ከሆነ አልትጌልድ የነካው ዝም ብሎ በችሎቱ የተቀመጠን ዳኛ አይደለም፤ በአደባባይ ተከራካሪ የሆነን ሰው ነው። ይህ ወቀሳዬን ባያስቀረውም በመጠኑ ያቀልለዋል። ሌላው ደግሞ፣ አንድ መንግሥት ያለ ማስረጃ ሰው ከሰቀለ በኋላ ስሕተቱ የማንም ሳይሆን እንዲቀር ማድረግ ለሟቾቹ ቤተሰብ ምን ይሆናቸዋል የሚለውን ራሴን ጠየቅሁ፤ መልሱን ገና አላገኘሁትም።

የታሪክ መምህር (ባሕር ዳር)

ለዘንድሮ ተማሪዎቼ ይህን ታሪክ ሙሉ አድርጌ ለማስተማር ወስኛለሁ። የይቅርታው ጽሑፍ በሙሉ ለክፍል ስለሚረዝም፣ ሐይቅ ዳር፣ ስለ ኦስካር ኒቢ የሚናገረውን ክፍል ወደ አማርኛ ብትመልስልኝ ለልጆቹ አንብቤላቸው እንዲወያዩበት አደርጋለሁ። በማስረጃ የሚያስብ ሰው እንዴት እንደሚጽፍ ከራሱ ቃል ቢሰሙት እመርጣለሁ።

ሐይቅ ዳር (ቺካጎ)

መምህር፣ ከልጄ ጋር ጀምረነዋል። እርስዋ እንግሊዝኛውን ታነብልኛለች፣ እኔ አማርኛውን እጽፋለሁ፤ ባልገባን የሕግ ቃል ላይ ነገረ ፈጅ እንዲያርሙን እለምናለሁ። የመጀመሪያውን ገጽ እሑድ ማታ እዚሁ አወጣዋለሁ።